የአያትሽን የዕድር መዝገብ ይዘሽ አመልክቺ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 28 ዓመቴ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመረቅኩ፤ ውጤቴ 3.1 ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ እናቴ ታማ ወርዶብኛል። የመመረቂያ ጽሑፌም ለማለፍ ብቻ የተጻፈ ነው። አሁን ፒያሳ ባንክ ቤት እሠራለሁ። ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ ቢሳካ ውጭ ሀገር፣ ካልሆነም ስድስት ኪሎ። የጀመርኩትን ስቴትመንት (ለምን መማር እንደምፈልግ የሚገልጸውን የማመልከቻ ጽሑፍ) አያይዤልዎታለሁ። አስተማሪዎቼ የሚያስታውሱኝ አይመስለኝም፤ የባንክ ሥራ አስኪያጄ ግን ደግ ሰው ናቸው። ጓደኞቼ ‹ታሪክ ተምረሽ ምን ልትበዪ ነው? ኤምቢኤ ግቢ› ይሉኛል። እናቴም ከእነሱ ጋር ናት። እኔ ግን አልቆርጥ አለኝ። ሠፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ እንኳን ከዕቃው ሁሉ በፊት ያወጣሁት ወንድ አያቴ ጸሐፊ የነበሩበትን የዕድር መዝገብ ነው፤ እስካሁን በቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ከየት ልጀምር? ሰ. ነኝ ከፒያሳ።»

እህቴ ሰ.፣

ስለ ሳጥኑ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያውም መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገድሽን። ስቴትመንቱ ውስጥማ ጭራሽ የለም። እኔ ግን ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ሐሳቤ ውስጥ የቀረው ያ ሳጥን ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ስቴትመንትሽ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለታሪክ ልዩ ፍቅር አለኝ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ፣ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ዓድዋ፣ ሁሉም በአንድ አንቀጽ ተደርድረዋል። መጨረሻው «የተዛባውን ታሪካችንን ለማስተካከል የበኩሌን አስተዋጽኦ ማድረግ እሻለሁ» ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህን ጽሑፍ ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ከብዙ ልጆች እጅ። ፍቅርሽን አልጠራጠርም። ነገር ግን ለታሪክ ትምህርት የሚያመለክት ሰው ሁሉ ታሪክ ይወዳል፤ ባይወድ ኖሮ አያመለክትም ነበር። መራጮቹ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ይህች ልጅ ምን ማወቅ ትፈልጋለች? በምን ማስረጃ ልታውቀው ነው? እኛ ጋ ለምን መጣች? ሦስቱ ናቸው፤ ስቴትመንትሽ አንዱንም አይመልስም።

«ማስተካከል» የሚለው ቃል ደግሞ ይጎዳሻል። ከቅን ልብ እንደመጣ አውቃለሁ። አንባቢው የሚሰማው ግን መልሱን ገና ሳትጀምሪ እንደያዝሽው ነው። እኛ ሀገር ታሪክ በየታክሲው የሚያጣላ ነገር ስለሆነ ቃሉ ሳይታወቀን ከአፋችን ይወጣል። አውጪው።

አሁን ወደ መዝገቡ። መቼ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያበቃ አልነገርሽኝም። ምናልባት አንቺም አላየሽው ይሆናል። አያትሽ ግን በንጉሡ ጊዜም በደርግ ጊዜም ጸሐፊ ከነበሩ፣ እጅሽ ላይ ያለው ነገር ቀላል አይደለም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 ታስታውሻለሽ፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገውን። ትናንት ተከራይ የነበረው ሰው ኪራይ ተቀንሶለት የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሆነ። ትናንት አከራይ የነበረው ከሚኖርበት ቤት በቀር ሌላው ሁሉ ተወሰደበት። የእናንተን በመሰለ ሠፈር እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ አንድ ዕድር ውስጥም ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ በዚያ ዓመትና ከዚያ በኋላ ዕድሩ ምን ሆነ? ማን ወጣ፣ ማን አዲስ ገባ? ወርሃዊ መዋጮው ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ቀበሌ ሲቋቋም የዕድሩ ዳኛ ያው ሰው ቀጠለ ወይስ ተቀየረ? የቀድሞዋ ባለ ቤት ሲሞቱ ድንኳን የተከሉት እነማን ናቸው? አዋጁን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታገኚዋለሽ፣ የአዲስ ዘመንን የዚያን ሰሞን ዘገባም ታገኚያለሽ። ሠፈርተኛው እርስ በርሱ ምን እንደሆነ ግን እዚያ የለም። የአያትሽ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሌላም መንገድ አለ። ዕድር በአዲስ አበባ መቼና እንዴት እንደተስፋፋ አጥኚዎች አልተስማሙበትም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው የሚሉ አሉ፤ ሥሩ ከዚያ በፊት ነው የሚሉም አሉ። መዝገቡ መግቢያው ላይ ስለ አመሠራረቱ ሁለት መስመር እንኳን ካለው እሱ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው። የትኛውን ጥያቄ እንደምትይዢ መዝገቡ ይንገርሽ እንጂ እኔ አልመርጥልሽም። ብቻ አንድ ጥያቄ ይሁን፣ አንድ ሠፈር፣ ቢበዛ ሃያ ዓመት። አክሱምን ለሌላ ሰው ተዪለት።

ከመክፈትሽ በፊት ግን እነዚህን ልብ በይ። ጠረጴዛውን አድርቂ፣ እጅሽን ታጠቢ። የተቀደደ ገጽ ብታገኚ በፕላስተር እንዳትለጥፊ፣ ላሚኔት ለማድረግም እንዳትወስጂው፤ ሁለቱም ወረቀቱን ያበላሹታል። ከሽፋኑ ጀምረሽ በቅደም ተከተል በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ባዶውን ገጽ ጭምር። በመካከሉ የተሸጎጠ ደረሰኝ ወይም ቁራጭ ወረቀት ካለ የት ገጽ ላይ እንደነበር ጻፊ፤ ቦታው ራሱ ማስረጃ ነው። ፎቶውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ሌላው፣ መዝገቡ የአያትሽ ብቻ አይደለም፣ የዕድርተኛው ነው። እዚያ ውስጥ የሰው ዕዳ አለ፣ ቅጣት አለ፣ ምናልባት ጠብም አለ። በሕይወት ያሉትን አባላት ፈልጊና አስፈቅጂ። ሠፈርተኛው አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ ቢሆንም ለቅሶ ላይ መገናኘቱ አይቀርም። ስታገኚያቸው አብረሽ ጠይቂያቸው፣ ድምፃቸውን በፈቃዳቸው ቅጂ። ይህን ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት ማለት አይቻልም፤ 1967ን በጎልማሳነት ያዩት ሰዎች ዛሬ ሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው።

ከዚያ ስድስት ኪሎ ሂጂ። ከባንክሽ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው ያለው። ሙዚየሙን አይተሽው ይሆናል፤ አንቺ የምትፈልጊው ቤተ መጻሕፍቱን ነው። እዚያ የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። አትናቂያቸው። ስለ አዲስ አበባ ሠፈሮች፣ ስለ ገበያዎች፣ ስለ ማኅበራት የጻፉ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎችን አነጋግረዋል፣ ትልልቅ ምሁራንም እነዚህን ጽሑፎች ጠቅሰው ጽፈዋል። ስለ ዕድር የተጻፈውን ሁሉ እዚያ አንብቢ። ቀጥሎ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ግቢና የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጪ። ቅዳሜ ቅዳሜን ለዚህ ስጪው፤ የመክፈቻ ሰዓታቸውን ግን ደውለሽ አረጋግጪ።

ለምን ይህን ሁሉ አልኩሽ? ለውጭ ማመልከቻ ትልቁ ነገር የጽሑፍ ናሙናው ስለሆነ ነው። አሜሪካ ያሉ የታሪክ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ገጽ የሚሆን የራስሽን የምርምር ጽሑፍ ይጠይቁሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን አንቺው ራስሽ «ለማለፍ ብቻ የተጻፈ» ብለሻታል፤ እንግዲያው እሷን አትላኪያት። ከመዝገቡ የወጣ ሃያ ገጽ በጥሩ እንግሊዝኛ ጽፈሽ ብትልኪ 3.1ሽን ማንም አያነሳብሽም አልልም፣ ግን ብዙ ቦታ አይኖረውም። ሁለተኛ ዓመት ላይ እናትሽ ታመው ውጤትሽ እንደወረደ ጽፈሻል። እሱን ስቴትመንቱ ላይ አታብራሪ፤ የሚያውቅ አስተማሪ ካለሽ በድጋፍ ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር ይንገርልሽ።

አሁን «ውጭ ወይስ ስድስት ኪሎ» ላልሽው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ዘንድሮ ውጭ አታመልክቺ። ዘንድሮ መዝገቡን አንብቢ፣ ጻፊ፣ ጎን ለጎን የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተፈተኚ፣ ለስድስት ኪሎ ማስተርስ አመልክቺ። ማስታወቂያው ሲወጣ ቀኑ አጭር ነውና ወረቀትሽን አስቀድመሽ አዘጋጂ። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ጽሑፍሽ በእጅሽ፣ የቅርብ አስተማሪ ከጎንሽ ሆኖ ለውጭ ታመለክቺያለሽ። ለመዝገቡም የሚሻለው ይኸው ነው። ምንጩ እዚህ፣ ሰዎቹ እዚህ፣ አንቺም እዚህ ነሽ፤ ይህን ጥለሽ ሄደሽ በክረምት እየተመላለስሽ ልትሠሪው መከራ ነው።

ስለ ውጭው ግን እወቂ። አሜሪካ ለታሪክ ዶክትሬት ማስተርስ ግዴታ አይደለም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ይገባል፣ አምስት ስድስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ጥሩ የሚባሉት ፕሮግራሞች የሚቀበሉትን የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ችለው ለኑሮውም ይከፍሉታል። በአንጻሩ ለብቻው የሚሰጥ ማስተርስ ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው። በፍጹም ከኪስሽ እንዳትሄጂ፣ ቤተሰብም ተበድሮ እንዳይልክሽ። ታሪክ ያንን ብድር አይመልስም። እንግሊዝ ማስተርስ አንድ ዓመት ነው፤ ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የባንኩ ዓመታትሽ ይቆጠሩልሻል፣ ስትጨርሺ ግን ለሁለት ዓመት ሀገርሽ መመለስ አለብሽ። የለንደኑ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ የእኛን ታላላቅ የታሪክ ምሁራን ያፈራ ቤት ነው፤ ታደሰ ታምራትም ባሕሩ ዘውዴም ዶክትሬታቸውን የያዙት እዚያ ነው። ጀርመን ደግሞ ሐምቡርግ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያ የተዘጋጀው እዚያ ነው። እዚያ ዶክትሬት ለመጀመር ግን ብዙ ጊዜ ማስተርስና የሚቀበልሽ ፕሮፌሰር አስቀድሞ ያስፈልጋል።

የዩኒቨርሲቲው ስም አያታልልሽ። እኔ መጀመሪያ ሳመለክት የመረጥኩት በስም ነው። ካመለከትኩባቸው አምስት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የታሪክ ክፍል ውስጥ አፍሪካን የሚያጠና አንድም ሰው እንዳልነበረ ያወቅኩት ካልተቀበሉኝ በኋላ ነው። የማመልከቻው ገንዘብ ከዘመድ ተለምኖ የተላከልኝ ስለነበር እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ፈልጊ። የኢትዮጵያን ወይም የምሥራቅ አፍሪካን ታሪክ፣ አለበለዚያ የአፍሪካ ከተሞችን ታሪክ የሚያጠና ማን አለ? ጽሑፉን አንብቢ። ከዚያ በመስከረምና በጥቅምት አጭር ኢሜይል ጻፊለት። እኛ ሰላምታ እንወዳለን፤ «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ብለን ግማሽ ገጽ እንሄዳለን። እዚያ አይሠራም። ማን እንደሆንሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጥያቄሽን በሁለት፣ መዝገቡን በሁለት፣ ከዚያ «በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ ወይ?» ብለሽ ዝጊ። በሁለት ሳምንት መልስ ከሌለ አንዴ ብቻ አስታውሺ፣ ከዚያ ተዪው።

ስቴትመንቱን እንዲህ ጀምሪው፣ በራስሽ ቋንቋ አድርገሽ፦ «አያቴ የዶሮ ማነቂያ ዕድር ጸሐፊ ነበሩ። መዝገባቸው እኔ ጋ ነው። በ1967 የከተማ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ አከራይና ተከራይ የነበሩ ጎረቤቶች አንድ ዕድር ውስጥ እንዴት ቀጠሉ? ማጥናት የምፈልገው ይህን ነው።» በቃ። «ፍቅር» የሚል ቃል የለበትም፣ ግን ያነበበው ሁሉ ያየዋል። ዓመተ ምሕረቶቹን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሪ ተጠንቀቂ፤ ሰባት ወይም ስምንት የሚጨመረው እንደ ወሩ ነው። ሐምሌ 1967 እዚያ 1975 ነው፤ መስከረም 1967 ግን 1974 ነው። አንድ ቦታ ብትሳሳቺ ጠንቃቃ አንባቢ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል።

ሪኮመንዴሽን ላይ ብዙ ልጅ ይወድቃል። «አያስታውሱኝም» ብለሽ ቤትሽ አትቀመጪ። ደውዪ፤ ከተቻለ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ሂጂ። የወሰድሽውን ኮርስ፣ ያኔ የጻፍሽውን ወረቀት፣ አዲሱን ሃያ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። «ጠንከር ያለ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ካመነቱ አመስግነሽ ወደ ሌላ። አንዳንዱ «አንቺው ጻፊውና ልፈርምልሽ» ይልሻል። እባክሽ እሺ አትበዪ። አንደኛ እውነት አይደለም፤ ሁለተኛ ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ ሰው ቋንቋ ሲመጣ ያስታውቃል። ይልቅ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጪያቸው። «ሰዓት አክባሪ፣ ሰው አክባሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ለታሪክ ክፍል ምንም አይነግረውም፤ «ይህን ምንጭ ይዛ ይህን ጥያቄ ጠየቀች» የሚል ነው የሚያስገባሽ። የባንክ ሥራ አስኪያጅሽ ደግ ሰው እንደሆኑ ጽፈሻል። ቢሆንም ሦስት የሚጠየቅ ከሆነ ሁለቱ የግድ አስተማሪ ይሁኑ። ስድስት ኪሎ ብትገቢ ይህ ችግር በአንድ ዓመት ይቃለላል፤ አንዱ ምክንያቴም እሱ ነው።

ወረቀቱን ደግሞ ነገ ጀምሪው። የወጪ መጋራትሽን ጨርሰሻል? ካልጨረስሽ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ሬጅስትራሩ አይሰጥሽም፤ ክፍያው፣ ክሊራንሱ፣ ምልልሱ ወራት ሊበላ ይችላል። ስምሽ በዲግሪው፣ በፓስፖርቱና በእንግሊዝኛ ፈተናው ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ይሁን። የቤተሰብ ስም የሚለው ሣጥን ላይ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ሙዪ፣ ከዚያም አትቀያይሪ። ለአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ከመክፈልሽ በፊት የተማርሽው በእንግሊዝኛ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃቸው እንደሆነ ጠይቂ፤ የሚቀበሉ አሉ። የአይልትስ ውጤት ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ዘንድሮ አትቸኩዪ። የማመልከቻ ክፍያም እንዲነሳልሽ ጠይቂ። ለዶላር ክፍያ ካርድ ፍለጋ ከመንከራተት አንድ ኢሜይል ይሻላል፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የተለመደ ነው።

የአሜሪካኖቹ የማመልከቻ መዝጊያ ቀን አብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። የኒውዮርክ እኩለ ሌሊት እኛ ጋ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ይህን ተማምነሽ ለመጨረሻው ሌሊት አታቆዪ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ከአንድ ሳምንት በፊት ላኪ።

ለእናትሽ ምን ትያቸዋለሽ? ታሪክ ያበለጽጋል ብለሽ አትዋሺያቸው። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። ሥራሽን ዛሬ እንደማትለቂ ንገሪያቸው፤ መልቀቅ ያለብሽ መግቢያውም ገንዘቡም በእጅሽ ሲሆን ነው። ከዚያ ሳጥኑን አብራችሁ ክፈቱት። የአባታቸውን የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡልሽ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሰዎቹን ቅጽል ስም፣ ማን የማን ጎረቤት እንደነበረ፣ ከእሳቸው የበለጠ ማን ይነግርሻል? ኤምቢኤ ላሉሽ ጓደኞችሽ መልስ አያስፈልግም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው ቀን ስንት ነው? የመጨረሻውስ? ሁለቱን ጻፊልኝና ጥያቄሽን አብረን እናጠብበዋለን።